አውራ ዶሮ የማይታረድለት ግድግዳ

ኦግኒያን አጥሩ ላይ ተደግፎ "ጊና፣ አውራ ዶሮሽን ስጪኝ" ሲለኝ እንግዳ የመጣበት መስሎኝ ነበር። ፋሲካ ካለፈ ገና ሳምንት አልሞላውም፤ ቀይ እንቁላሎቹ እንኳ አልተበሉም።

"ፓሻን?" አልኩት። "ፓሻን ለመብላት እኮ ጥርስ ያስፈልጋል። አንተ ደግሞ ስንት እንደቀረህ መንደሩ ሁሉ ያውቃል።"

ሌላ ጊዜ ቢሆን አፉ አያርፍም ነበር። በአንድ አጥር ስንኖር ሰላምታችን ስድብ ነው፤ አንድ ቀን ሳይሰድበኝ ካለፈ ታሟል ብዬ ሾርባ ይዤለት እሄዳለሁ። ያን ቀን ግን ቆቡን አውልቆ በሁለት እጁ ይጨመድደው ጀመር።

"ለመብላት አይደለም" አለ። "ለግድግዳ ነው።"

"ለየትኛው ግድግዳ?"

"ልጄን ለማስገባበት።"

ክው አልኩ። በእጄ የያዝኩት የልብስ ቅርጫት እንዴት መሬት እንደደረሰ አላውቅም።

እስቲ ከሥሩ ልናገር። መንደራችን ከሶፊያ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ቪቶሻ ተራራ ሥር ነው። ከመንደሩ ከፍ ብሎ ፊልምና የቴሌቪዥን ድራማ የሚሠራበት ግቢ አለ። ግማሹ ሰው የሚበላው ከዚያ ነው፤ አንዱ ሚስማር ይመታል፣ አንዱ መኪና ይነዳል፣ እኔ ወጥ ቤት ውስጥ ነኝ። ለሮማ ወታደርም ለንጉሥም የቦሎቄ ሾርባ ቀድቻለሁ። አንዴ ደም መጣጭ ሆኖ የሚሠራ ልጅ "ነጭ ሽንኩርት በዝቶበታል" ብሎ ሳህኑን መልሶልኛል።

ኦግኒያን ግንበኛ ነው፤ አባቱም አያቱም ግንበኞች ነበሩ። እዚያ ግቢ ውስጥ ቤተ መንግሥት ይሠራል፣ ቀረጻው ሲያልቅ ያፈርሱበታል። መጀመሪያ ሰሞን ያመው ነበር፣ ኋላ ለመደው። አንዲት ልጅ አለችው፣ ራሊትሳ። እናቷ የሞተችባት በልጅነቷ ስለሆነ ግማሽ ዕድሜዋን ያሳለፈችው የኔ ወጥ ቤት ውስጥ ነው። ብዙ ዓመት በፊልም ውስጥ ከሕዝብ መሃል የምታልፍ አንዲት ሴት ሆና ስትሠራ ቆይታ፣ ባለፈው ክረምት፣ በበረዶው ወራት፣ ዋናዋ ተዋናይ ሆነች።

ድራማው ወደፊት ስለሚመጣ ዘመን ነው። ሀብታሞች ከገዛ ሰውነታቸው ቅጂያቸውን ያስበቅላሉ። ክሎን ይሏቸዋል። ቅጂዎቹ አንድ ትልቅ ቤት ውስጥ እንደ ከብት ይቀለባሉ፤ ሀብታሙ ኩላሊቱ ሲደክም ከቅጂው ይወሰድለታል። ራሊትሳ ከቅጂዎቹ አንዷ ናት። አንድ ቀን "እምቢ" ትላለች። "ሰውነቴ የራሴ ነው፤ አልሰጥም!" የምትለውን ወጥ ቤቴ መጥታ በድስቱ ላይ እየጮኸች ስትለማመድ፣ "እሺ የኔ እመቤት፣ ቦሎቄውስ የማን ነው?" እላት ነበር። እንዲያ እየሳቅን ነው የጀመርነው።

በድራማው ውስጥ ብዙ ራሊትሳዎች ውሃ ውስጥ ተኝተው መታየት ስላለባቸው፣ ከራሷ ሰውነት ቅርጽ ወስደው በሲሊኮን አሻንጉሊቶች ሊሠሩ ሆነ። ከእግር እስከ ራሷ በጀሶ ሸፈኗት። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሽፋሽፍቷ ላይ ነጭ ፍርፋሪ ይዛ በወጥ ቤቱ በር ገባች።

"አክስቴ ጊና፣ ውሃ ስጪኝ።"

"ምነው፣ ዱቄት ውስጥ ወደቅሽ እንዴ?"

አልሳቀችም። ኩባያውን በሁለት እጇ ያዘች።

"አፌም ዓይኔም ተሸፈነ" አለች። "ለመተንፈሻ አፍንጫዬ ላይ ቀዳዳ ተዉልኝ። መናገር ስለማልችል 'ከከበደሽ እጅሽን አንሺ፣ ወዲያው እናወልቀዋለን' ተባባልን።"

"እሺ፤ ከዚያስ?"

"ከበደኝ። አየሩ አለቀ መሰለኝ። እጄን አነሳሁ።"

"አወለቁልሽ?"

ውሃውን ጠጥታ ጨረሰች። "እጄን ያዙት" አለች። "አንድ ሰው እጄን ይዞ ቀስ አድርጎ ወደ ታች መለሰው። 'ጎበዝ፣ ትንሽ ብቻ ቀረ፣ አሁን ካወለቅነው ይበላሻል' አለኝ። ድምፁ ደግሞ ደግ ነበር አክስቴ። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።"

ምን ልበላት? ቂጣ ቆርሼ ሰጠኋት። እኔ የምናገረው ሲጠፋኝ ሰው አበላለሁ።

ከዚያ ወዲህ ብርድ ልብስ ከደረቷ በላይ መሳብ አቆመች። በዚያ ብርድ መስኮት ከፍታ ትተኛለች። አሻንጉሊቶቹ ሲደርሱ አንዴ ለሠራተኞቹ ምግብ ይዤ ወደ ዕቃ ቤቱ ስገባ አየኋቸው፤ ሦስት ራሊትሳ በመንጠቆ ተሰቅላለች። ፀጉሯ፣ ጥፍሯ፣ ጡቷ ሥር ያለው ጥቁር ነጥብ ሳይቀር። ጉልበታቸው ላይ ጠባሳ አለ፤ ያ ጠባሳ ልጅ ሆና ከእኔ የቼሪ ዛፍ ላይ የወደቀችበት ነው። ደሟን የጠረግሁት እኔ ነኝ። ሦስቱም ጉልበት ላይ ሳየው ትሪውን ጥዬ ልወጣ ምንም አልቀረኝም።

እንግዲህ ግድግዳው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ዳይሬክተሩ ኤቭስታቲ አዲስ ነገር ጻፈ፤ እምቢ ያለችውን ቅጂ ለመቅጣት ራቁቷን ግድግዳ ውስጥ አቁመው በሕይወቷ ይገነቡባታል። ራሊትሳ "ራቁቴንም አልቆምም፣ ግድግዳም አይገነባብኝም" አለችው። እሱም አልተቆጣም።

"በጣም ጥሩ፣ ፍላጎትሽን እናከብራለን" አላት። "አሻንጉሊቷ ትገባለች።"

ግንቡን በእውነተኛ ጡብ የሚሠራ እጅ ደግሞ ያስፈልጋል። የኦግኒያን እጅ ካሜራ ላይ ያምራል ተባለ። ሰፊ ነው፤ የግራ ሌባ ጣቱን ጫፍ ድንጋይ ወስዶበታል። ማንም ሰው አንዴ ካየው አይረሳውም።

ሰውዬው ለምን እንደፈራ እኛ አገር ላደገ ሰው መንገር አያስፈልግም። የድሮ ግንበኞች ድልድይ እንዳይፈርስባቸው የአላፊ አግዳሚውን ጥላ ሳያውቅ በክር ለክተው ክሩን መሠረት ውስጥ ይገነቡት ነበር። ጥላው የተገነባበት ሰው አርባ ቀን አይሞላውም፤ ይሞትና ነፍሱ የግንቡ ጠባቂ ሆና ትቀራለች። እናቶቻችን ግንብ ባለበት ስናልፍ "ራቅ ብለሽ ሂጂ!" የሚሉን ለዚህ ነው። ፈጣሪን የሚፈራ ግንበኛ ደግሞ በሰው ፈንታ አውራ ዶሮ አርዶ የዶሮውን ራስ ከመጀመሪያው ጡብ ሥር ያስገባል። አንስቅም፤ የኔን ማድቤት የሠራው ኦግኒያን ነው፣ ከሥሩ የፓሻ አያት አለ።

"ድሮ የሚለካው ጥላ ነበር" አለኝ አጥሩ ላይ እንደተደገፈ። "ይህ ግን ጥላ አይደለም ጊና። ጥፍሯን ሳይቀር ነው የለኳት።"

"ታዲያ አልሠራም በላቸው።"

"ሌላ ግንበኛ ይጠራሉ። ዶሮ የማያርድ፣ ከሶፊያ የመጣ ልጅ ይዘጋባታል። እኔ ከሠራሁት ቢያንስ ከሥሩ ያለውን አውቃለሁ።"

"እሷስ ምን አለች?"

"አልነገርኳትም። እንዲሁም መተንፈስ አቅቷታል።"

ፓሻን ራሴ ይዤ ሰጠሁት። እንደ ስሙ፣ እንደ ቱርክ ሹም ነበር የሄደው፤ አንገቱን አልደፋም።

የቀረጻው ቀን ሠራተኛው ሳይገባ ኦግኒያን የፓሻን ራስ ቀብሮ፣ የመጀመሪያውን ጡብ በላዩ አኑሮ ጠበቀ። እኔ ሾርባውን ይዤ ስደርስ ግንቡ አሻንጉሊቷ ወገብ ላይ ደርሷል። አሻንጉሊቷ ከግድግዳው ጎድጓዳ ውስጥ ዓይኗን ጨፍና ቆማለች። ካሜራው የሚያየው የኦግኒያንን እጅና እሷን ነው። የሲሚንቶ ጭቃውን፣ ቡኬቱን፣ ይቀባል፣ ጡብ ያስቀምጣል፣ በግንበኛ ማንኪያው እጀታ መታ ያደርጋል። ያ መታ መታ ሲል የሚሰማው ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ራሊትሳ ሳይጠሯት መጥታ ከካሜራው ጀርባ ቆማለች። ጡቡ ደረት ላይ ሲደርስ ከንፈሯ ነጣ። አንገት ላይ ሲደርስ ትንፋሿ ይቆራረጥ ጀመር። ሄጄ ልይዛት ስል እጇን አነሳች። እንዲሁ፣ እንደ ተማሪ፣ ያለ ድምፅ።

ሁሉም የሚያየው ካሜራው የሚያየውን ነው። አባቷ ብቻ ቀና አለ፤ አያትና ማንኪያውን አስቀመጠ።

"ቀረጻ ይቁም! ምን ሆኑ ጋሼ? ለምን አቆሙ?" አለ ኤቭስታቲ።

"እጇን አነሳች።"

"ማን?"

ኦግኒያን በአገጩ አመለከተ። ኤቭስታቲ ዞሮ አየና ሳቅ ቃጣው።

"እሷ እኮ እዚያ ቆማለች። ይህቺ አሻንጉሊት ናት!"

"አውቃለሁ ልጄ። ማንሳት የምትችለው አንዷ ብቻ ናት። እኔም የምሰማው እሷን ነው።"

"ራሊትሳ፣ አንቺ እንቢ አልሽ፣ አከበርንልሽ። በአሻንጉሊቷ ላይ ግን እንቢ ማለት አትችዪም። ያንቺ አይደለችም።"

ያኔ ራሊትሳ ወደ ፊት መጣች። እጇን አላወረደችም።

"ለስድስት ወር 'ቅጂም ብትሆን ሰውነቷ የራሷ ነው' እያልኩ እንድጮህ አድርገኸኛል" አለችው። "የራሷ ከሆነች ጠይቃት፤ መልስ እስክትሰጥህ ጠብቅ። መልስ ከሌላት ደግሞ በእኔ አምሳል ነች፣ እኔን ጠይቀኝ። እኔ አልፈቅድም። ወይ እሷ ወይ እኔ፤ ከሁለታችን ግን አንዳችንን ሳትጠይቅ አትዘጋም።"

"ድራማና ኑሮ ቀላቀልሽ።"

"አንተ ነህ የቀላቀልከው። ያ ጠባሳ ከድራማ አይደለም የመጣው።"

እኔም ከድስቱ ጀርባ "ከቼሪ ዛፍ ነው!" አልኩ። ማን ጠየቀኝ? ግን ወጣ።

ኤቭስታቲ ግንባሩን አሸ፤ ወደ ካሜራው ስክሪን ጎንበስ ብሎ የተቀረጸውን ደጋግሞ አየ። ጣቱን ስክሪኑ ላይ አድርጎ የሆነ ነገር ለካሜራ ሠራተኛው አንሾካሾከ። ሲነሳ ፊቱ ተረጋግቷል።

"እሺ" አለ። "ይቅር። ያለን ይበቃናል።"

አምላኬ፣ እንዴት ደስ እንዳለን! ራሊትሳ አሻንጉሊቷን ልውሰዳት ስትለውም "ውሰጃት፣ ሌሎቹ በቂ ናቸው" አላት። ጨዋ ሰው ነው ብዬ ሳህኑ ላይ ትልቁን ቋሊማ ጨመርኩለት። ያ ቋሊማ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አሻንጉሊቷን በኦግኒያን የእጅ ጋሪ፣ በእኔ የጠረጴዛ ልብስ ሸፍነን ወደ ቤት ወረድን። እግሯ በጫፉ ወጥቶ ስለነበር ከዳቦ ቤቱ በር ላይ የቆሙት ሴቶች አማተቡ። "ማን ሞተ?" አለችኝ አንዷ። "ገና ነው" አልኳት ለቀልድ፤ ከአፌ ሲወጣ ራሴን አስደነገጠኝ።

ራሊትሳ ቤት እንደገባች መጀመሪያ ያደረገችው ልብስ ማልበስ ነው። የእናቷን የቤት ቀሚስ አወጣችላት፤ ሰማያዊ፣ ነጭ ነጠብጣብ ያለበት። ፎቅ ላይ ወንበር ላይ አስቀመጠቻት።

"ምን ልታደርጊባት ነው?" አልኳት።

"ምንም። ቢያንስ ይህቺኛዋ የት እንዳለች አውቃለሁ።"

በጋው እንዲህ አለፈ። መስኮቷን መዝጋት ጀመረች፣ አልፎ አልፎም ትስቅ ነበር። ኦግኒያንም ወደ ስድቡ ተመለሰ፤ አዲሱን አውራ ዶሮዬን "ይሄ ለአጥር እንኳ አይበቃም" አለኝ።

ድራማው መታየት የጀመረው መስከረም ላይ፣ ቀይ ቃሪያ ጠብሰን ለክረምት በጠርሙስ በምናሽግበት ሰሞን ነው። የእኔ ቴሌቪዥን ትልቅ ስለሆነ በየሳምንቱ እኔ ቤት እናያለን። እኔ ፌታ አይብና ዳቦ አቀርባለሁ፣ ኦግኒያን የፍራፍሬ አረቄውን፣ ራኪያውን፣ ይዞ ይመጣል። ያን ምሽት የግድግዳው ተራ እንደሆነ እናውቃለን፤ ግን አንገት ላይ እንደሚቆም ስለምናውቅ አልፈራንም። እንዲያውም ኦግኒያን "እጄን እዩልኝ፣ በስተርጅና ተዋናይ ሆንኩ" እያለ ነበር።

ጡቡ ወገብ ደረሰ። ደረት ደረሰ። አንገት ደረሰ።

አልቆመም።

ማንኪያው ቡኬት ቀባ፣ ጡብ ተቀመጠ፣ መታ ተደረገ። አገጯ ተሸፈነ። ኦግኒያን ብርጭቆውን እንደያዘ ቀረ። አፏ ተሸፈነ። ከዚያ ያቺ ዓይኗን ጨፍና የነበረችው አሻንጉሊት ዓይኗን ገለጠች። ቀጥታ አየችን። የቀረችው ክፍተት ከፊቷ አትበልጥም፤ በዚያች ክፍተት አንዲት እጅ ቀስ ብላ ወጣች፣ እንደ ተማሪ፣ ያለ ድምፅ።

የግንበኛው እጅ ያዛት። ሰፊ እጅ፣ የግራ ሌባ ጣቱ ጫፍ የተቆረጠ። ቀስ አድርጎ፣ በደግነት ማለት ይቻላል፣ ወደ ውስጥ መለሳት። የመጨረሻውም ጡብ ገባ።

ራሊትሳ ተነስታ መስኮቱን ከፈተች። ግማሽ ሰውነቷን ወደ ውጭ አውጥታ አየር ትስባለች፤ የምትስበው ግን የሚበቃት አይመስልም። ወገቧን ይዤ "ተንፍሺ፣ ተንፍሺ ልጄ" እላለሁ። ከኋላዬ ኦግኒያን ሁለት እጁን ከአምፖሉ ሥር ዘርግቶ ያገላብጣል።

"ይህን አልሠራሁም" አለ። "ጊና፣ አንቺ ነበርሽ። አልሠራሁም አይደል?"

"አልሠራህም።"

"እጁ ግን የኔ ነው።"

"ያንተ ነው" አልኩ። ምን ብዬ ልዋሽ?

ጠዋት ሦስታችንም ወደ ግቢው ወጣን። ግድግዳው ሳይፈርስ በአዳራሹ ጥግ ሸራ ለብሶ ቆሟል። ኦግኒያን ሸራውን ገፈፈ። ግንቡ አንገት ላይ እንደተወው ነው፤ አንድ ጡብ አልተጨመረም። ቢሆንም መዶሻውን አንስቶ ከላይ ጀምሮ አፈረሰው፣ እስከ መጀመሪያው ጡብ። ውስጡ ባዶ ነው። ከሥሩ የፓሻ ራስ አጥንት ብቻ ወጣ።

ኤቭስታቲ ድምፁን ሰምቶ ሲጋራውን እንደያዘ መጣ።

"ጋሼ፣ ምን እያደረጉ ነው?"

"የት ነው የዘጋችሁባት?"

"የትም። እርስዎ አንገት ድረስ ሠሩ፣ የቀረውን ኮምፒውተር ጨረሰው። የእርስዎ እጅ በዚያን ቀን፣ የእሷ እጅ ደግሞ ቀደም ሲል ተቀርጾ ነበር፣ ከዚያ ተወሰደ። ይህቺ እጅ ማንሳቷ ደግሞ" ብሎ ወደ ራሊትሳ ዞረ፣ ፊቱ በርቶ፣ "አንቺ የሰጠሽኝ ሐሳብ ናት። ሰው ሁሉ ስለሷ ነው የሚያወራው።"

"ግድግዳው የት ነው?" አለ ኦግኒያን እንደገና።

"ግድግዳ የለም እኮ ነው የምልዎት።"

"መሠረቱ የት ነው? ከሥሩ ምን አለ?"

"ሥር የለውም።"

ኦግኒያን የዶሮውን ራስ አጥንት በመዳፉ ይዞ ቆመ። የገባኝ ያኔ ነው። እኛ አውራ ዶሮ ያረድነው ማንም ላልተዘጋበት ግድግዳ ነው። እሷ የተዘጋችበት ግድግዳ ደግሞ ምንም የሚቀበርበት አፈር የለውም። የፈሩት ይደርሳል የሚባለው እውነት ነው፤ በየት በኩል እንደሚደርስ ግን አይነገርም።

ራሊትሳ ፍርስራሹን ተሻግራ ፊቱ ቆመች። "የድራማውን ሁለተኛ ዙር አልሠራም" አለችው። "ስሚኝ እንዳትለኝ። አልሠራም።"

ኤቭስታቲ ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት። ድምፁ ደግ ነበር።

"አትጨነቂ" አላት። "ዕረፊ። ያለን ይበቃናል።"

ሁለተኛው ዙር አሁን እየተሠራ ነው። ከአውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ፎቶዋ ተለጥፏል፤ ለብሳው የማታውቀውን ልብስ ለብሳ፣ ስቃው የማታውቀውን ሳቅ ትስቃለች። እሷ ግን ከእኔ ግቢ ቁጭ ብላ ቃሪያ ትልጣለች። ለጠበቃ ነግራለች፤ ጠበቃው ራሱን ነቅንቆ "እናያለን" አላት። አባቷ ድራማው ከታየበት ቀን ጀምሮ አርባውን ቀን በልቡ ይቆጥራል፤ ጣቶቹ በኪሱ ውስጥ ሲንቀሳቀሱ አያቸዋለሁ። እኔ አልቆጥርም። ከቆጠርኩ ማመኔ ነው።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ሦስታችን በግቢዬ ቃሪያ እንጠብስ ነበር። ኦግኒያን እንጨት ያቀርባል፣ እኔ አገላብጣለሁ፣ ራሊትሳ ትልጣለች። "አባዬ፣ ጭሱን ወደኔ አታድርገው" ስትል፣ "ጭስ ቆንጆ ሰው ይከተላል፤ ጊናን ተመልከቺ፣ አንዴም ነክቷት አያውቅም" አላት። መልሱን ላዘጋጅለት አፌን ስከፍት ራሊትሳ እጇን አነሳች።

ኦግኒያን እንጨቱን እንደያዘ ደረቀ። እኔ መቆንጠጫውን አየር ላይ እንዳነሳሁ ቆምኩ።

"ጭሱ ነው" አለች ዓይኗን ጨፍና። "ዓይኔ ገብቶ ነው፣ ምንም አልሆንኩም።"

ሰምተናታል። ግን ማናችንም አልተንቀሳቀስንም። እሷም ዓይኗን ገልጣ አየችን፣ አንዴ አባቷን፣ አንዴ እኔን። እጇንም ቶሎ አላወረደችውም። ትንሽ ቆይታ፣ ስትፈልግ፣ ራሷ አወረደችው።

ቃሪያው አረረ።